ከጀልባ ወድቆ 12 ሰዓት በውቅያኖስ፦ የጆን አልድሪጅ ጉዳይ

ሐምሌ 17 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2013)፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጆን አልድሪጅ የሚባል የ45 ዓመት አሜሪካዊ ዓሣ አስጋሪ ከጀልባው ላይ ወደ ኋላ ወድቆ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ገባ። ከባሕሩ ዳርቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ፣ አልለበሰም። ሲወድቅ ያየው ሰው የለም። ጀልባዋ ደግሞ በኦቶፓይለት፣ ያለ ሰው አቅጣጫ በሚጠብቅ መሣሪያ፣ እየተነዳች ስለነበር መንገዷን ቀጠለች።

ሰውየው በሕይወት ተገኝቷል። ለዚህም ነው ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ጀግንነትና እንደ ተአምር የሚወራው። ጀግንነቱን አልክድም፣ ብዙዎቻችን ግማሹን ሰዓት እንኳ የምንቆይ አይመስለኝም። ነገር ግን ዓሣ ለማስገር ውሃ ላይ ለሚወጣ ሰው ከጀግንነቱ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከመውደቁ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰዓታትና ጀልባዋ ላይ በቀሩት ትንንሽ ምልክቶች ውስጥ። ስለዚህ ጉዳዩን ከዚያ ልጀምር።

አልድሪጅና የልጅነት ጓደኛው አንተኒ ሶሲንስኪ "አና ሜሪ" የምትባል 44 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ከግማሽ ገደማ የምትረዝም ጀልባ በጋራ ነበራቸው። መነሻቸው ሞንቶክ ነው፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ከሎንግ አይላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ያለች የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ። የሚያጠምዱት ሎብስተር፣ ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው የባሕር እንስሳ፣ ነበር። ወጥመዶቹ በረጅም ገመድ ተያይዘው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ፤ ቦታቸው እንዳይጠፋ ደግሞ በገመዱ ጫፍና ጫፍ ተንሳፋፊ ኳስ ይታሰራል። ይህን ተንሳፋፊ ኳስ ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ከመውደቁ በፊት በነበረው ማታ ሦስት ሆነው ወጡ። ወጥመዶቹ ጋ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ መጓዝ ስላለባቸው የመጀመሪያውን ተራ አልድሪጅ ያዘ፣ ሁለቱ ተኙ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሶሲንስኪን ቀስቅሶ ሊቀያየሩ ተነጋግረው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አልድሪጅ አልቀሰቀሰውም። ይተኛ፣ ነገ ከባድ ሥራ አለ ብሎ ተወው። የጓደኛ ደግነት ነው። ማናችንም የምናደርገው ነገር ነው። ግን ያቺ ደግነት ሁለት ነገር አስከተለች፦ አንደኛ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻውን የነቃ፣ የደከመ ሰው ከባድ ዕቃ እየጎተተ ተገኘ። ሁለተኛ፣ ጓደኞቹ ጠዋት ሲነቁ መቼ እንደወደቀ የሚያውቁበት ነገር አልነበራቸውም።

ሥራው ይህ ነበር። ሎብስተር በሕይወት የሚቆይበት ታንከር ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መሞላት አለበት። ፓምፑን ለማግኘት የወለሉን ክዳን መክፈት ያስፈልጋል፤ ክዳኑ ላይ ግን ሁለት ትልልቅ፣ ከባድ የበረዶ ሳጥኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል። አልድሪጅ በብረት ሜንጦ የታችኛውን ሳጥን የፕላስቲክ እጀታ ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ራሱ ጎተተ። እጀታው ተሰበረ። የሎብስተር ጀልባ ኋላው ወጥመድ እየተንሸራተተ እንዲወርድ ሲባል ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፣ የአና ሜሪም እንዲሁ። የሚይዘው አጥር የለም፣ የሚጨብጠው ነገር የለም፣ ወደ ኋላ እንደተንገዳገደ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ገባ።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላ። ጀልባዋ የምትሄደው በ6.5 ኖት ፍጥነት ነበር፣ ይህ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ1 ደቂቃ 200 ሜትር ትርቃለች። ሰውየው ወደ ላይ ወጥቶ፣ የዋጠውን ጨዋማ ውሃ ተፍቶ፣ ጮሆ እስኪጨርስ ጀልባዋ ዋኝቶ ከሚደርስበት ርቀት ውጪ ሆናለች። ሞተሩ እየጮኸ ውስጥ የተኛ ሰው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ጩኸት አይሰማም። ሁለቱ እስኪነቁ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አለፈ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጀልባዋ 30 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። "ወድቄ እዋኛለሁ፣ እኔ እኮ ዋና ጎበዝ ነኝ" ለሚሉ ሁሉ ይህን ስሌት ማሳየት እወዳለሁ። ዋና መቻል ጥሩ ነው፣ ግን ሞተር የሚነዳትን ጀልባ ዋኝቶ የሚደርስባት የለም።

አልድሪጅ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ጮኸ፣ ተንፈራገጠ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለ። እግሩ ላይ ያሉት የላስቲክ ቦት ጫማዎች ወደ ታች እየጎተቱት አይደለም፣ እንዲያውም ወደ ላይ ያነሱታል። ለዓሣ አስጋሪ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ውሃ ውስጥ ከገባህ ከባዱን ቦትህን አውልቀህ ጣል የሚል ነው። እሱ አወለቃቸው፣ ግን አልጣላቸውም። አንዱን አንሥቶ ውሃውን አፈሰሰ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ውሃው ላይ ተጫነው። ብርጭቆ ደፍታችሁ ባሊ ውሃ ውስጥ ስትጫኑት አየሩ ታፍኖ እንደሚቀረው ማለት ነው። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በሁለቱ ብብቶቹ ሥር አንዳንድ ቦት ሸጎጠና ተንሳፈፈ።

ይህ ለምን እንደሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የሰው አካል ውሃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ በአብዛኛው በውሃው ይያዛል፤ አንድ አዋቂ ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ እንዲቆይለት የሚያስፈልገው ተጨማሪ የማንሳፈፍ ኃይል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል አየር ደግሞ ጥቂት ሊትር ነው። ሰው የሚሰምጠው ለዚያች ጥቂት ሊትር አየር ምትክ ጡንቻውን ሲጠቀምና ጡንቻው ሲደክም ነው። ቦቶቹ ጉልበቱን አስቀመጡለት። ያን ሌሊት ለራሱ የሰጠው ሥራ አንድ ነበር፦ እስኪነጋ መቆየት።

ሲነጋ ሻርኮች አየ። ሰንጢውን አወጣ፣ ግን መጠቀም አላስፈለገውም፣ ሄዱ። ከዚያ ሁለተኛውን ሥራ ጀመረ። ያንን የባሕር ክፍል በደንብ ያውቀዋል፤ የማን ወጥመድ በየት በኩል እንደሚዘረጋ ያውቃል። ስለዚህ ተንሳፋፊ ኳስ ፍለጋ መዋኘት ጀመረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማዕበል ላይ ያለ የሰው ጭንቅላት ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ደማቅ ቀለም ያለው ኳስ ግን ይታያል፣ ደግሞም ከወጥመዱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሰውየውን ጅረት እንዳይወስደው ይይዘዋል። ብዙ ታግሎ አንዱን አገኘ። በሰንጢው ገመዱን ቆርጦ ኳሱን ይዞ ወደ ሌላኛው ሄደ፣ ሁለቱን በገመድ አያይዞ ገመዱ ላይ እንደ ፈረስ ተቀመጠ። ያቺ ኪስ ውስጥ ያለች ሰንጢ ባትኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ ጀልባዋ እንመለስ። ሁለቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ሲነቁ አልድሪጅ የለም። ጀልባዋን ከዳር እስከ ዳር ፈተሿት። ከ12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ሶሲንስኪ በሬዲዮ ቻናል 16፣ ይህም የዓለም የባሕር አደጋ ጥሪ ቻናል ነው፣ ኮስት ጋርድን ጠራ። ኮስት ጋርድ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል ነው። ሄሊኮፕተርና ጀልባዎች ተንቀሳቀሱ፤ የሞንቶክ ዓሣ አስጋሪዎችም ሥራቸውን ጥለው በገዛ ነዳጃቸው ለፍለጋ ወጡ፣ 20 ያህል ጀልባዎች።

ችግሩ የት ይፈለግ የሚለው ነበር። ኮስት ጋርድ የወደቀ ሰው በነፋስና በጅረት ተገፍቶ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ ግን ጥሩ መልስ የሚሰጠው ሰውየው መቼና የት እንደወደቀ በትክክል ሲነገረው ነው። የተነገረው ምንድን ነው? ሁለቱ ከተኙበት ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ፣ በማንኛውም ሰዓት። ጀልባዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሄደችው መንገድ ረጅም ነው፣ በዚህም በዚያም ጅረቱ ሲጨመርበት የፍለጋው ቦታ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሆነ። ደግሞም ፍለጋው የተጀመረው ወደ ባሕሩ ዳርቻ በተጠጋው በኩል ነበር፤ ሶሲንስኪ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ስላልተቀሰቀሰ ጓደኛው ከዚያ በፊት ወድቋል ብሎ መገመቱ አይገርምም።

ጉዳዩን የቀየረው ሶሲንስኪ ያደረገው ነገር ነው። በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከመሮጥና ከመጮህ ወጥቶ የጀልባዋን ወለል ማንበብ ጀመረ። የተሰበረው እጀታ ወለሉ ላይ ወድቋል። እንግዲህ አልድሪጅ የወደቀው ታንከር ለመሙላት ሲዘጋጅ ነው ማለት ነው፤ ታንከር የሚሞላው ደግሞ ወጥመዶቹ ጋ ለመድረስ ሲቃረቡ እንጂ ገና ከወደቡ እንደወጡ አይደለም። ለብዙ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ስለሆነ የጓደኛውን የሥራ ልማድ ያውቃል። ይህን ለኮስት ጋርድ ነገራቸው። የፍለጋው ቦታ ወደ ደቡብ፣ ከባሕር ዳርቻው ወደ ራቀው በኩል ዞረ።

መሀል ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ተበላሽቶ በእጅ ማስላት የጀመሩበት ጊዜ ነበር። አልድሪጅም ኳሶቹ ላይ ሆኖ አውሮፕላን ሲያልፍ አይቷል፣ የገዛ ጀልባው አና ሜሪ ስታልፍ ጭምር አይቷል፣ እጁን አውለብልቧል፣ ማንም አላየውም። በመጨረሻ 9 ሰዓት ገደማ ላይ፣ ከቀኑ ማለት ነው፣ አንድ የኮስት ጋርድ ሄሊኮፕተር በሁለት ኳሶች መካከል ተቀምጦ የሚያውለበልብ ሰው አየ። 12 ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ፀሐይ አቃጥላዋለች፣ ውሃ ጠምቶታል፣ የአካሉ ሙቀት ወርዷል። ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ኬፕ ኮድ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰደ፣ ዳነ።

የዚያን ቀን የባሕሩ ሙቀት 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። ሐምሌ ነዋ። ይህ ቁጥር ከቦቱም ከሰንጢውም በላይ ወሳኝ ይመስለኛል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ በፍጥነት ይወስዳል፤ 22 ዲግሪ እንኳ ለ12 ሰዓት ሲሆን አንቀጥቅጦ ሊገድል ይችላል። ያው ሰው በዚያው ቦታ የካቲት ላይ ቢወድቅ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነው። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳይወድ በግድ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ያችው ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። ያን ካለፈ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጣቶቹና ክንዶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ገመድ መያዝ፣ ዚፕ መዝጋት፣ ቦት ማውለቅ አይችልም። ራሱን እስኪስት ግን አንድ ሰዓት ያህል ሊኖረው ይችላል። ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሞተው በቅዝቃዜው ሳይሆን ከዚያ በፊት እጁ ስለሚከዳው ነው። ላይፍ ጃኬት ያለው ሰው እጁ ቢከዳው እንኳ ይንሳፈፋል። የአልድሪጅ ዘዴ በቀዝቃዛ ውሃ አይሠራም ነበር፣ ምክንያቱም እጅ ይፈልጋል።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ወድቀው የሞቱ 204 ሰዎችን መዝግቧል። ከነዚህ ውስጥ አንድም ላይፍ ጃኬት የለበሰ አልነበረም። አንድም! ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሲወድቁ ያየ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ሕግ በንግድ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው መኖሩን ያስገድዳል፣ መለበሱን ግን አያስገድድም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የመውደቅ አደጋ መወገዱ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በቀር ዓሣ አስጋሪዎች ክፍት ወለል ላይ ሲሠሩ እንዲለብሱ አዛለች፤ በእኔ አስተያየት ትክክሉ ይህ ነው። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ላይፍ ጃኬት ለወደቀ ሰው ምኑ ነው?

ዓሣ አስጋሪዎች ለምን እንደማይለብሱት ይታወቃል። ይሞቃል፣ ይይዛል፣ መረብ ላይ ይጠመዳል ይላሉ። የድሮውን ትልቁን ብርቱካናማ ካሰቡ እውነታቸውን ነው። አሁን ግን እንደ ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚወርድ፣ ውሃ ሲነካው በራሱ በጋዝ የሚነፋ ቀጭን ዓይነት አለ። እሱ ላይ ፉጨት፣ ትንሽ መብራትና በሳተላይት በኩል ያለበትን ቦታ የሚናገር የኪስ ምልክት ማስተላለፊያ ቢታሰር አልድሪጅ 12 ሰዓት አይቆይም ነበር፤ ኮስት ጋርድም ሶሲንስኪ ከመንቃቱ በፊት ያውቅ ነበር። ብቻውን ሌሊት ተራ ለያዘ ሰው ደግሞ ሲወድቅ የተኙትን የሚቀሰቅስ ማንቂያ አለ፤ በትንሽ ጀልባ ላይ ሞተሩን የሚያጠፋ፣ ከእጅ ወይም ከወገብ ጋር የሚታሰር ገመድ አለ። ገመዱ ብዙ ሞተር ላይ አብሮ ይመጣል፣ ሰው ግን ሳያስረው ይነዳል።

ገንዘብ የማይፈልጉትም አሉ። ብቻህን ነቅተህ ከሆነ ከባድ ዕቃ አትጎትት፣ የግድ ከሆነ ሰው ቀስቅስ። ስትጎትት ጀርባህን ለክፍቱ ጎን አትስጥ። በክፍቱ ኋላ ላይ ሰንሰለት ወይም ገመድ ዘርጋ፣ ወጥመድ ሲወርድ ፍታው። ተራ የመቀያየሪያ ሰዓት ከተነጋገራችሁ ደግሞ ለሰው ማዘን እንዳለ ሆኖ ሰዓቱን አክብሩ።

እኛ አገር ውቅያኖስ የለም፣ ሐይቅ ግን አለ፣ በሐይቅም ሰው ይሰምጣል። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚያሰግር፣ ዝዋይና ጫሞ ላይ ማታ መረብ ጥሎ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የሚያወጣ ሰው አለ። ውሃው በአብዛኛው እንደ አትላንቲክ አይቀዘቅዝም፣ ነፋሱ ግን ድንገት ይነሣል፣ ጉማሬ ታንኳ ይገለብጣል፣ ጫሞ ላይ አዞም አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወደቀን ሰው የገዛ መረቡ ይጠልፈዋል። ሄሊኮፕተር አይመጣም። ላይፍ ጃኬት መግዛት ለብዙዎቹ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አልድሪጅ በሁለት ቦት የሠራው ነገር በእኛ አገር በየቤቱ ባለ ዕቃ ይሠራል፦ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን። ይህ ወደ 19 ኪሎ ግራም ያነሣል፣ ከብዙ ላይፍ ጃኬት ይበልጣል፣ ሁለት ሰው ይይዝበታል። ከታንኳው ጋር ረጅም ገመድ አስሮ ማስቀመጥ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ይወረወርለታል፣ ታንኳው ቢገለበጥም አይሰምጥም፣ ቢጫው ከሩቅ ይታያል። ጉድለቱ መያዝ መፈለጉ ነው፣ ራሱን የሳተ ሰው አይይዘውም፤ ስለዚህ ላይፍ ጃኬት የሚገኝ ከሆነ እሱ ይቅደም። ሰንጢ ደግሞ በገመድ ወገብ ላይ ይታሰር፣ መረብ ለመቁረጥ።

የቀረው ሰው ሲወድቅ ጀልባ ላይ ያለው ምን ያድርግ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጮክ ብሎ መጥራትና አንድ ሰው ዓይኑን ከወደቀው ሰው ሳይነቅል በጣቱ እያመለከተ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ይህ ሰው ሌላ ምንም ሥራ አይሰጠው፣ ምክንያቱም በማዕበል መካከል አንዴ ከዓይን የጠፋ ጭንቅላት ተመልሶ አይገኝም። ወዲያው የሚንሳፈፍ ነገር ይጣል፣ ብዙ ቢሆን ጥሩ ነው። ጂፒኤስ ካለ ቦታውን የሚመዘግበው ቁልፍ ይጫን፣ ሬዲዮ ካለ በቻናል 16 ይጠራ። ሲጠጉት ሞተሩ ማርሽ ላይ አይሁን፣ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ (ፕሮፔለር) ሰው ይቆርጣል።

ማውጣቱ ደግሞ ሰው የማያስበው ከባድ ሥራ ነው። የረጠበ ልብስ የለበሰ፣ ጉልበቱ ያለቀ አዋቂ ሰው ሁለት ብርቱ ሰዎች ከፍ ካለ ጠርዝ ላይ ጎትተው ላያወጡት ይችላሉ። መሰላል ወይም ቋጠሮ የተበጀለት ገመድ አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ በደረቅ ቀን ደግሞ አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ገብቶ ይሞከር። ብዙ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው ከተቻለ ተጋድሞ ይውጣ፣ ቀጥ ብሎ ሲጎተት ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል። ከወጣ በኋላ ይጋደም፣ እርጥብ ልብሱ ይውለቅ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ይሸፈን። እጅና እግሩ አይታሽ፣ አረቄም አይስጡት፤ ደም ሥሩን ከፍቶ የቀረውን ሙቀት ያስወጣበታል። ጣፋጭ ሞቅ ያለ ሻይ የሚሰጠው ነቅቶ መዋጥ ሲችል ብቻ ነው። ደህና መስሎ ቢታይም፣ ውሃ ወደ ሳንባው ገብቶ ከሆነ ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂድ።